እንዲወድቅ የተሠራ ሬዲዮ

«ስትጨርሺ ደውይልኝ» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ሲገባ ልቤ ድንግጥ አለ። እኛ አበሾች ደስ የሚል ነገር ከሆነ እዚያው እንጽፈዋለን፤ «ደውይልኝ» ብቻ ከመጣ ደግ ነገር የለውም። ላኪዋ የሥራ ባልደረባዬ የጋሽ ደምሴ ጎረቤት፣ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር የምትኖር የማኅበራችን ልጅ ናት። እስክጨርስ ማን ሊጠብቅ! የምበይድበትን ብረት አስቀምጬ ደወልኩ። «አይ፣ ትንሽ አሟቸው ነው» ብላ ዙሪያ ጥምጥም ልትሄድብኝ ስትል «ልጄ፣ እኔን አታታልዪኝ፣ ንገሪኝ» አልኳት። ጋሽ ደምሴ ጠዋት ደጃቸው ላይ በረዶ ሲጠርጉ ወድቀው አልተነሱም።

አቤት አምላኬ! ዕቃ ወድቆ እንዳይሰበር ሲለፉ የኖሩ ሰው፣ እሳቸው አንዴ ወድቀው ቀሩ። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። በማን ላይ እንደምናደድ አላውቅም፤ ግን እናደዳለሁ።

የምንሠራው እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ባለች አነስተኛ ፋብሪካ ነው። ስካነር የሚባለውን በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ እንሠራለን። ዘፈን የለው፣ ዜና የለው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ የባቡር ነጂዎች፣ የአውሮፕላን አብራሪዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩትን ከአየር ላይ እየለቀመ ያሰማል። የሚገዙን አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ፣ ነገሩን ለፍቅሩ ብለው የሚያዳምጡ ሰዎች ናቸው። ተጣጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ኤርፖርቱ አጥር አጠገብ ይቀመጡና የትኛው አውሮፕላን በየት በኩል እንደሚያርፍ ሲሰሙ ይውላሉ።

እኔ የሬዲዮውን ሆድ ዕቃ እበይዳለሁ፤ ጋሽ ደምሴ ደግሞ አጥንቱንና ቆዳውን ይነድፉ ነበር። ስቀጠር ሰሞን «ሰው የሰው ወሬ ለመስማት ብሎ ሬዲዮ ይገዛል እንዴ?» ብዬ ስስቅ፣ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «አንቺ ያደግሽበት ሰፈር መጋረጃ ገልጦ የሚያይ ሰው አልነበረም?» አሉኝ። እናቴን ያውቋታል እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

አንድ ጠባይ ነበራቸው። ማንኛውም ዕቃ እጃቸው ከገባ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ይቺ በየት በኩል ነው የምትሰበረው?» ይላሉ። የሠርግ ብርጭቆ ይሁን፣ የቤተ ክርስቲያን ማይክራፎን ይሁን ለእሳቸው አንድ ነው። አዲስ ስልክ ገዝቼ ላሳያቸው ስሮጥ «እንኳን ደስ ያለሽ» የለ፣ ምን የለ፤ «በዚህ ጥግ ነው የምትሰበረው» ብለው መለሱልኝ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ጥግ ተሰበረች። ምላስዎ ጥቁር ነው ብዬ አኮረፍኳቸው። እሳቸው ግን እየሳቁ ከፋብሪካው ላስቲክ ቆርጠው ለቀጣዩ ስልኬ ልባስ ሠሩልኝ። አስቀያሚ ነው፤ ሰው ፊት ላወጣው አፍራለሁ፤ ስልኩ ግን ደህና ነው።

እኛ አገር ሰው ሲደናቀፍ፣ ልጅ ሲወድቅ፣ ሳናስበው ከአፋችን የሚወጣው «እኔን!» ነው። ጋሽ ደምሴ ይኼንን ለሬዲዮም ይሉ ነበር። ለሙከራ ብለው ራሳቸው ይለቁታል፣ ወለሉ ላይ ጓ ሲል ደግሞ «እኔን!» ብለው ይደነግጣሉ። አለቃችን ሮን አንድ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃቸው።

«በአንተ ፋንታ እኔ ልውደቅ ማለት ነው» አሉት።

ሮን ትንሽ አሰበና «ለሬዲዮ?» አለ።

«ለማን ልበል ታዲያ? የሚወድቀው እሱ ነው!»

ከዚያ ወዲህ ዕቃ በወደቀ ቁጥር ፈረንጁም፣ ሜክሲኮውም፣ ቬትናሙም «ኤኔን!» ይል ጀመር። አሁንም ይላሉ።

ከሮን ጋር የማይስማሙበት ነገር ቢኖር የአጣጣሉ ጉዳይ ነበር። ፋብሪካው ዕቃ እየጣለ የሚሞክር ማሽን አለው። ሬዲዮውን ቆንጠጥ ያደርግና ወገብ ከሚያህል ከፍታ ቀጥ አድርጎ ሲሚንቶ ላይ ይለቀዋል። ከተረፈ አለፈ፣ ለገበያ ይወጣል። ጋሽ ደምሴ ግን «ሰው እንዲህ አይጥልም» ይላሉ። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሬዲዮውን ይይዙና እጃቸውን ያንቀጠቅጣሉ። ሬዲዮው ይሾልካል፣ የወንበሩን ክንድ ይመታል፣ ይሽከረከርና በአንቴናው ይወርዳል። የአንቴናው ሥር ስንጥቅ፣ የባትሪው ክዳን ብን ይላል። ከዚያ ተነስተው ስብርባሪውን ይለቅሙና እንደገና ቁጭ ይላሉ። የማሸጊያ ክፍል ልጆች «የደምሴ ዳንስ» እያሉ ይስቁ ነበር፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ ግን አያቆሙም።

«አንዲት ደንበኛ አለች» ይላሉ ሚቲንግ ላይ። «እንዲህ ነው የምትጥለው።» ደንበኛዋ እንዲህ አለች፣ ደንበኛዋ ቁልፉ አነሰብኝ አለች፣ ደንበኛዋ የባትሪው ክዳን አስቸገረኝ አለች። ሮን ሴትዮዋ ኢሜይል እንድትጽፍለት ሲጠይቅ «መጻፍ አይመቻትም» ይሉታል። እኔ በልቤ አንዲት ነዝናዛ ፈረንጅ አሮጊት ናት ብዬ ሥዬአት ነበር።

ደንበኛዋን ያወቅኳት በአንድ ክረምት ነው። በረዶው እየጣለ የጋሽ ደምሴ መኪና አልነሳ አለ፤ «ግቡ፣ አደርስዎታለሁ» አልኳቸው። ደጃቸው ስንደርስ አመስግነውኝ ሊወርዱ ሆነ። «ግቢ» የለም! አበሻ ሆኖ ሰውን በዚያ በረዶ ከደጅ መመለስ አለ?

«ጋሼ፣ ሰው ደጅ ላይ ይሸኛል እንዴ? ምነው፣ ቤትዎ ሬሳ ደብቀዋል?» አልኳቸው። አፌ መቼም አያርፍም። ሳቅ አሉና ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ «እሺ፣ ግቢ። ባለቤቴ እጇን አሟታል። አፍጥጠሽ አትዪባት» አሉኝ።

እትዬ ዘነበች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥርት ያለ ፊት ያላቸው፣ ጥምጥማቸውን ያሳመሩ ሴት ናቸው። ጤነኛ ሳሉ ኤርፖርት ውስጥ መንገደኛ በዊልቸር እየገፉ ነው የኖሩት። የማያውቁት በር፣ የማያውቁት አየር መንገድ አልነበረም። እጃቸውን ሊያንቀጠቅጣቸው ሲጀምር መጀመሪያ ሥራውን ተዉ፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ተዉ፤ ከዚያ ደግሞ ሰው እንዳይመጣባቸው አደረጉ። ሰው ፊት ብርጭቆ መያዝ እንደ ሞት ነው የሚፈሩት። ይሉኝታ በሽታ ላይ ሲጨመር እንዲህ ነው። ልጃቸው ቤዛ ሻይ ስታመጣ ለእኔና ለአባቷ ብቻ አመጣች። ለእናቷ አለማምጣቷ ልማድ መሆኑ ገባኝ።

ጉልበታቸው ላይ የእኛው ፋብሪካ ስካነር ነበር፣ ዙሪያውን በፕላስተር ተጠቅልሎ። የአውሮፕላን አብራሪ ድምፅ ይንሿሿል። «ይኼ ከምሥራቅ እየመጣ ነው፤ ነፋሱ አስቸግሮታል» አሉኝ፤ ፊታቸው በራ። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ ሊያደርጉልኝ ቁልፉን ሲነኩ ከእጃቸው አመለጠ። ወደቀ፣ ክዳኑ ተፈናጠረ፣ ባትሪዎቹ ሶፋው ሥር ተንከባለሉ፣ አብራሪው ዝም አለ። እትዬ ዘነበች «ይቅርታ፣ ይቅርታ» አሉና እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በኋላ ቀና ብለው አላዩኝም። ጋሽ ደምሴ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ባትሪ ሲፈልጉ ነበር። እኔ ሻዬን ትክ ብዬ አየሁ፤ ሌላ የማይበት ጠፋኝ።

ሲሸኙኝ በሩ ላይ «አየሻት ደንበኛዋን?» አሉኝ። «ስትጥል ይቅርታ የምትጠይቀኝ ነገር ነው የሚገድለኝ። በገዛ ቤቷ! ዕቃ ወድቆ ሲሰበር ጥፋቱ የዕቃው ነው፤ ሠሪው በደንብ ስላልሠራው ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ጥላው የማይሰበር አንድ ነገር ሳልሠራላት አልሞትም። ሥራ ቦታ እንዳታወሪ ደግሞ።»

ቃላቸውን ጠበቁ፤ ግን ወዲያው አልተሳካላቸውም። የመጀመሪያው ሙከራ በወፍራም ላስቲክ የተጠቀለለ፣ ጥግ ጥጉ በብረት የተደገፈ ነበር። ሮን ራሱ ከደረጃ ላይ ወረወረው፤ ምንም አልሆነም፤ ሁሉም አጨበጨበ። ጋሽ ደምሴ እንደ ሙሽራ እየተፍለቀለቁ ይዘውት ሄዱ። በማግሥቱ ሲመጡ ፊታቸው ጠቁሯል። «ምነው ጋሼ?» ስላቸው «እንደ ድንጋይ ጠንካራ አድርጌው፣ እንደ ድንጋይ ከብዶ አረፈው። ማንሳት አቃታት» አሉኝ። ጎበዝ ናቸው የምለው ለዚህ ነው፦ አላመካኙም፤ ያንን ሁሉ ድካም ጠረጴዛ ሥር ወረወሩና ከሀ ጀመሩ። ብረቱን አወጡ። ላስቲኩን ጥጉ ላይ ብቻ አስቀሩት። ወጣ ብሎ ይሰበር የነበረውን ቁልፍ ወደ ውስጥ ቀበሩት፣ አንቴናውን እንደፈለገ የሚተጣጠፍ አደረጉት፣ ባትሪውን ከውስጥ ዘጉትና ክዳን የሚባለውን ነገር አጠፉት። ላዩን ደግሞ ሻካራ አድርገው ጣት የሚይዘው አደረጉት።

በዚያ ሰሞን ነው ሮን ሚቲንግ ላይ አንድ ሐሳብ ያመጣው። ደግ ሰው ነው፤ በክፋት አይደለም። «ከእጅ አንጓ ጋር የሚታሰር ማንጠልጠያ ብናደርግለትስ? ያኔ ጭራሽ አይወድቅም» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅኩ። ጋሽ ደምሴ ግን ብድግ አሉ። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«አይሆንም! እጇ ላይ ከታሰረ፣ ሲያመልጣት እየተንጠለጠለ ያሳጣታል። እኔ የምፈልገው እንድትጥለው ነው! ትጣለው፣ ሬዲዮው መሬት ላይ ሆኖ ይናገር፣ እሷም ጨዋታዋን ትቀጥል። ማንም ዘወር ብሎ እጇን አይይ!»

ሮን እያያቸው ቆየ። የገባው ይመስለኛል፤ ደንበኛዋ ማን እንደሆነች ግን አልጠየቀም። «እሺ ደምሴ፣ ማንጠልጠያ የለም» አለ።

የአዲሱ ዓይነት የመጀመሪያው ሬዲዮ ሲያልቅ ሆዱን የበየድኩት እኔ ነኝ፤ እጄ ይባረክ። ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓት ወሬያችን ያው ነበር። ሌላው ሰው ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀ ሲል፣ ጋሽ ደምሴ «ትናንትም ጣለችው!» እያሉ ይፎክራሉ። «ይቅርታ አለች?» እላቸዋለሁ። «አላለችም! አንሳልኝ ብላ ወሬዋን ቀጠለች!» ይሉና ምሳቸውን በሳቅ ትን ይላቸዋል። እኔ ለሬዲዮ ውድቀት እንዲያ የተደሰተ ሰው አላየሁም፤ ከእንግዲህም አላይም። ደስታው አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም፣ በረዶው መጣና ወሰዳቸው።

ለቅሶው ላይ ቤቱ ሞላ። ከቶርንተን፣ ከፓርክ ሂል፣ ከየት የማይመጣ ሰው አለ! ሴቶቹ ሙሾ ያወርዳሉ፣ ደረታቸውን ይመታሉ። እትዬ ዘነበች መካከል ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ነጠላቸው ሥር እንደ ቀበሩ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው ነበር። አልጮኹም፣ ደረታቸውን አልመቱም፣ እጃቸውን አላነሱም። ከኋላዬ አንዷ ለሌላዋ «አይ አንጀት! አንዲት ጠብታ እንኳ?» ስትል ሰማሁ። ዞሬ «የሰው አንጀት ቆጣሪ አድርጎ የሾመሽ ማን ነው?» አልኳት። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ ከዚህም እጨምርላት ነበር። እኔ ምን እንደሆነ ይገባኛላ። ሴትዮዋ እጅ ካላነሱ እንዴት ያልቅሱ? ካነሱ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው እጃቸውን ሊያይ ነው።

ሮንም መጥቶ ነበር፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ቀብሩ ላይ ሣጥኑ ሲወርድ ጎንበስ ብሎ በዚያ ጎልዳፋ አንደበቱ «ኤኔን» አለ። የእኛ ሴቶች ዞረው አዩት፤ ከዚያ እንደ አዲስ አለቀሱ።

ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ከአርባቸውም ወዲያ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሄድኩ። ቤቱ እንደ ዋሻ ጸጥ ብሏል። እትዬ ዘነበች ያው ሶፋ ላይ፣ እጃቸው ያው ነጠላ ሥር ናቸው። ሬዲዮውን ጉልበታቸው ላይ ፈልጌ አጣሁት። ዞር ስል መስታወት ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ የጋሽ ደምሴ ፎቶ አጠገብ፣ በነጭ ሐር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጠፍቷል።

«እትዬ፣ አይሰሙም እንዴ አሁን?» አልኳቸው።

«ብሰብረውስ?» አሉኝ። «የእጁ ሥራ ነው። የእሱ ሆኖ የቀረኝ እሱ ነው። ቤዛ ናት እዚያ ያስቀመጠችው።»

ቤዛ ከማዕድ ቤት «ኢትስ ዳዲስ ሜሞሪ» አለች፣ «እዚያ ሴፍ ነው፣ አይሰበርም።»

ሟች የነካውን ዕቃ አንስቶ ማስቀመጥ ወጋችን ነው፤ ልጅቷም ከእኛው ነው ያየችው። ግን ያ ሰው ስንት ዓመት የደከመው ለዚህ ነው? እንደ ታቦት መጋረጃ ውስጥ እንዲቀመጥ?

«እትዬ ዘነበች፣ ጋሼ ሥራ ቦታ ስለ አንዲት ደንበኛ ሲያወሩ ነው የኖሩት፤ ነግረውዎት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«የምን ደንበኛ?»

«እጇ የሚያስቸግራት ደንበኛ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «እጄን አደባባይ አወጣው?»

«ኧረ በጭራሽ! ስምዎን አንድ ቀን አልጠሩም፤ ሚስቴ አላሉም። ደንበኛዋ ነው ያሉት። እኛ ሁላችን ፈረንጅ መስላን ነው የኖርነው።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የተቀየሙኝ መስሎኝ ቦርሳዬን ልፈልግ ስል «ምን ትል ነበር ደንበኛዋ?» አሉ፣ በቀስታ።

ነገርኳቸው። ቁልፉ እንዳነሰባት፣ ክዳኑ እንዳስቸገራት፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን እያንቀጠቀጡ ሲጥሉ፣ ስብርባሪ ሲለቅሙ እንደሚውሉ ነገርኳቸው። ሮን ማሰሪያ ይሁንለት ሲል ብድግ ብለው እንደ ተቆጡም ነገርኳቸው። «እንድትጥለው ነው የምሠራው አሉ፣ እትዬ። ትጣለው አሉ። ሌላ ለምንም አልሠሩትም።»

«ለፈረንጆቹ ሠርቶ አንዱን ያመጣልኝ ነበር የመሰለኝ» አሉ እትዬ ዘነበች። ከዚያ ወደ ቁም ሣጥኑ አዩና «ቤዛ፣ አምጪልኝ» አሉ።

«ማሚ፣ ኖ! ከወደቀ ሌላ የለም!»

«አምጪልኝ አልኩሽ!»

ቤዛ ከፈተችው። ሐሩን ፈታችና ሬዲዮውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እትዬ ዘነበች ቀኝ እጃቸውን ከነጠላው ውስጥ አወጡ። ይንቀጠቀጣል፤ ከበፊቱም ብሶበታል። ቁልፉን አገኙት፣ አበሩት። አንድ አብራሪ ከደመናው በላይ ሆኖ የኤርፖርቱን መቆጣጠሪያ ማማ መውረጃ ይጠይቃል። ሬዲዮውን ወደ ጆሯቸው ሊያስጠጉት ሲያነሱ ሾለከ፤ ጉልበታቸውን መታ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታ፣ በአንቴናው ወለሉ ላይ ወረደ።

ቤዛ አፏን ያዘች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ማማው ለአብራሪው መለሰለት፣ አብራሪውም አመሰገነ፤ ሬዲዮው መሬት ላይ ሆኖ ይናገራል።

እትዬ ዘነበች አዩት። አዩት፣ አዩትና «ደምሴ!» አሉ። ግራ እጃቸውም ከነጠላው ወጣ። ሁለቱን እጃቸውን፣ እንደሚንቀጠቀጡ፣ ወደ ላይ አነሱና ደረታቸውን መቱ። «ደምሴ! ደምስዬ! እኔን!» እያሉ በእኔና በልጃቸው ፊት ጮኹ። ባላቸውን ያለቀሱት ያን ቀን ነው። የሐዘንተኛን ክንድ ይዞ «በቃዎ፣ ይብቃዎ» ማለት ወጋችን ነው። ቤዛ ልትይዛቸው ስትነሳ እጇን ይዤ አጠገቤ አስቀመጥኳት፤ እኔም በቃዎ አላልኳቸውም።